አዲሱ ዘንግ ላይ ያየሁት ስንጥቅ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ብረት እመረምራለሁ» እላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። «ብረት ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚመረመረው?» ይለኛል። አንዳንዱ፣ ብረቱ ጉበትና ኩላሊት ያለው ይመስል፣ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ይቀልዳል። አልቀየምም። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ ቢቀለድበትም የሚጎድልብኝ ነገር የለም።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። የአውሮፕላን አካላት በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚያ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይታይ ወደ ቦታው አይመለስም። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ እንዲያስተምር ሲመደብ ልጆቼን ይዤ ተከተልኩት። ጓደኞቼ «እዚያ ሄደሽ ምኑን ልትመረምሪ ነው? ማረሻ?» አሉኝ። ካመጡልኝ ማረሻም እመረምራለሁ አልኳቸው። ከባድ መኪና ቀን ከሌት ዓባይ በረሃን በሚወጣበትና በሚወርድበት አገር የሚመረመር ብረት አጣለሁ ብዬ ለአፍታም አልሰጋሁም።

ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ቶርኖ ቤት አለ። ባለቤቱ ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰው ነው። በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ኋላ ወደ ብረት የዞረ ነው፤ ዛሬም ቶርኖው ላይ ሆኖ ለራሱ የሚያዜመው ግዕዝ ነው። የደጀን ባለመኪናዎች እንኳ ዕቃ ሲሰበርባቸው ወደ እሱ ይመጣሉ። ማግኔቴንና መብራቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የምሠራውን ባስረዳሁት ቀን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና በጓሮ በኩል ወዳለች ዕቃ ቤት መራኝ።

«ያቻት፣ ውሰጃት» አለኝ። «ከአይጥ አንቺ ትሻያለሽ።»

መስኮቷን ደፈንኩ፤ ግድግዳዋን በጥቁር ላስቲክ አለበስኩ፤ በሯ ላይ ወፍራም ሸራ ሰቀልኩ። ቀትር ላይ እንኳ ሸራው ሲወርድ የራስን እጅ ማየት አይቻልም። የሠፈሩ ሰው «ፎቶ ቤት» የሚል ስም አወጣላት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ብረቱን ከዘይትና ከቆሻሻ አጸዳለሁ። ሁለት እግር ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለኝ፤ ሁለቱን እግሮቹን ብረቱ ላይ አሳርፌ ማብሪያውን እየተጫንኩ በጣም ደቃቅ የብረት ዱቄት የተበጠበጠበት ፈሳሽ አፈስበታለሁ። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ የማግኔቱ ኃይል በውስጡ ያልፋል፤ ዱቄቱም ታጥቦ ይወርዳል። ስንጥቅ ካለ ግን ኃይሉ በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ያፈተልካል፤ ዱቄቱም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ዱቄቱ የሚያበራ ቀለም ስላለው፣ ጨለማ ውስጥ በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሲታይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ቢጫ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከፀጉር የቀጠነም ቢሆን አያመልጥም። የሚያስቸግረው መስመሩን ማየቱ አይደለም። መስመሩ ስንጥቅ ነው ወይስ ጭረት ብሎ መለየቱና ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ መንገሩ ነው።

ባለመኪናዎቹ ቶሎ ለመዱኝ። ቶርኖ ቤቱ ለጥገና የገባለትን ክራንክ ሻፍትም ሆነ የመሪ ክንድ «እስቲ መጀመሪያ ፎቶ ቤት ይግባ» እያለ ይልክልኝ ጀመር። የቶርኖ ቤቱን ሰውዬ ጋሼ ነው የምለው፤ እሱም እህቴ ይለኛል። ግን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። የሌላ ሰው ሥራ ይልክልኛል እንጂ በራሱ እጅ የሠራውን አንድም ቀን አምጥቶልኝ አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ። የሚመጣበት ቀን ይመጣል ብዬ ነበር።

ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ በሚደራረብበት ሰሞን፣ ከይጁቤ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሐጂ ናቸው፤ ገበያው ዳር ሱቅና ወፍጮ ቤት አላቸው። ከሚኒባስ ሲወርዱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ከባድ ነገር ተሸክመው ነበር። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ዱብ አደረጉት። የወፍጮ ዘንግ ነው፤ የላይኛውን ድንጋይ ይዞ የሚያዞረው ብረት፣ እንደልብ እንዲዞር የሚደግፈው ኩሽኔታ ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ለሁለት ተቆርጧል።

«ይኸው ሁለተኛው!» አሉ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ሁለቱንም አንተ ነህ የሠራኸው። የመጀመሪያው ሲሰበር ዕድሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን የሞተሩ ቺንጋ ተፈናጥሮ የእህቴን ልጅ መታው፤ ክንዱ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ነው ያደረው። የሠርግ እህል የያዘ ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ይጮኻል። ምን ልበለው?»

ጋሼ ደነገጠ። «ልጁ እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው አልሐምዱሊላህ። ጭንቅላቱን ቢመታው ኖሮስ?»

«ከደወሉልኝ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ስሠራ ነበር። ይኸው አልቋል» አለና ከጠረጴዛው ላይ አዲሱን ዘንግ አነሳ። እውነትም ያምራል፤ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። ሐጂ በመዳፋቸው ዳበሱት። ቀለል አላቸው መሰለኝ፣ ከረጢታቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

እኔ ከጓሮ ወጥቼ ሸራዬን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። የተሰበረውን ዘንግ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለት ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበረ ዕድል ነው የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው እንዲሁ ተጠቅልሎ ይጁቤ ሲሄድ ቆሜ አላይም።

«ጋሼ፣ ከመሄዱ በፊት እኔ ልየው» አልኩ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «አዲስ ነው እኮ እህቴ። ትናንት ነው የጨረስኩት። ገና ያልሠራ ብረት ምኑ ይታያል?»

«ካልተሰነጠቀ ቶሎ እመልስልሃለሁ።»

«ሰው አሮጌውን ነው የሚያስመረምረው» አለ ጋሼ።

«ሐጂ ቸኩለዋል» አለ ደግሞ፤ ወደ እሳቸው እያየ እንዲያግዙት። ሐጂ ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«ምንድነው የምታደርጊው ልጄ?» አሉኝ። ባጭሩ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ተሰልፎ የሚጮኸው ሰው ትንሽ ይጩህ። ትየው» አሉ።

ዘንጉን ተሸክሜ ገባሁ። አጸዳሁት። ሸራውን አወረድኩና ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምደው ቁጭ አልኩ። ውጭ ጋሼ ለሐጂ ስለ ብረት ዋጋ መናር ሲያወራ ይሰማኛል፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ማግኔቱን በዘንጉ ርዝመት አሳረፍኩ፤ ፈሳሹን አፈሰስኩ፤ መብራቱን አበራሁ።

ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት ጠርዝ አጠገብ አረንጓዴው መስመር ወጣ። ዘንጉን ይዞ እንደ ቀለበት ሊዞር ጀምሮ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ቶሎ አላመንኩም። ጠርዝ ባለበት ቦታ ዱቄት አንዳንዴ ያለ ስንጥቅም ይሰበሰባል፤ የቶርኖው ቢላ የተወው ጭረትም ያታልላል። ጠረግኩት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እንደገና ማግኔት፣ እንደገና ፈሳሽ። መስመሩ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ተመለሰ። ጫፉ እንደ ወንዝ ገባር ትንሽ ተጣሟል። ጭረት እንዲህ አይጣመምም።

ሸራውን ገልጬ «ጋሼ፣ ና እይ» አልኩ። «ሐጂ፣ እርስዎም ይግቡ።»

ሦስታችንም ተጠጋግተን ቆምን። ሸራውን ሳወርድ ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉ። መብራቱን ዘንጉ ላይ አደረግኩት።

ጋሼ ፊቱን ወደ ዘንጉ አስጠጋ። ከዚያ «የቢላው ጭረት ነው» አለ።

«ጠርገኸው እንደገና ሥራው። ማግኔቱን አንተ ያዝ።»

ያዘው። ፈሳሹን እኔ አፈሰስኩለት። መስመሩ ዓይኑ እያየ፣ ዱቄቱ ከዚህም ከዚያም እየተሰበሰበ ተሳለ። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩት።

«የእኔ ወፍጮ ዱቄት ያወጣል» አሉ ቀስ ብለው፤ «የአንቺ ዱቄት ደግሞ ጉድ ያወጣል።»

ጋሼ ዘንጉን አንስቶ በሸራው በኩል ወጣ። የተናደደ መስሎኝ ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ ብረት ተጭኖ ወደሚያጎብጠው ማሽን፣ ወደ ፕሬሱ ሄደና ዘንጉን ሥሩ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ሐጂ።

«እሰብረዋለሁ። ስንጥቅ ከሆነ ከውስጡ ይታያል። ካልሆነም ሌላ እሠራለሁ፤ በነጻ።»

ፕሬሱ እየጠበቀ ሲሄድ ብረቱ መጀመሪያ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ እንደ ጥይት ጮኸ። ሁለቱን ቁራጮች አንስተን ፀሐይ ላይ አወጣናቸው። አዲስ የተሰበረው ገጽ ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። በአንደኛው ጎን ግን፣ እኔ መስመሩን ባየሁበት በኩል፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቡናማ ቦታ አለ። ዝገት ነው። በር ላይ የቀረውን የሐጂን የተሰበረ ዘንግ አምጥተን ከጎኑ አስቀመጥን። እዚያም ጨረቃዋ አለች፤ ያኛዋ ሰፍታለች እንጂ ቦታዋ አንድ ነው።

ቁራጩን አንስቼ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት ምን ነበር?»

«የከባድ መኪና የኋላ ዘንግ። ከእሱ የሚጠነክር ብረት እዚህ አገር አታገኚም።»

«ኩሽኔታው ቦታ ላይ በይደህበታል።»

«አዎ፣ ቀጥኖብኝ ነበራ። በየድኩና ሞላሁት፤ ከዚያ ቶርኖ ላይ ወደ ልኩ አመጣሁት።»

«ከበየድከው በኋላስ?»

«አቀዘቀዝኩት።»

«በምን?»

በአገጩ አመለከተኝ። ጥጉ ላይ ውኃ የሞላ በርሜል አለ። ሁልጊዜም እዚያው ነው፤ እኔም በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ።

ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ቢላ ሲሠራ ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ የሚነክረው እንዲጠነክር መሆኑን ከእኔ በፊት ያውቃል፤ የጠነከረ ነገር እንደሚሰበርም ያውቃል። እኔ የነገርኩት ያን ያህል ጠንካራ ብረት ሲበየድና በድንገት ሲቀዘቅዝ ብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ እንደ መስተዋት ተሰባሪ እንደሚሆን፣ ስንጥቁም ወዲያው እንደሚጀምር፣ ውኃው ደግሞ እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚያዝገው ብቻ ነው። የቶርኖው ማለስለስ ከላይ ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

«ታዲያ ዘንጉን ቢላ አደረግኩት በይኛ» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

ወደ ሐጂ ዞረ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ሐጂ፣ የልጁን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው። ውኃው ቶሎ ስለሚያበርድልኝ ነው። ቢከሱኝም መብትዎ ነው።»

ሐጂ የተሰበሩትን ብረቶች እያዩ ቆዩ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደሚሉ ፈርቼ ነበር። «ምን ብዬ ልክሰስህ?» አሉ በመጨረሻ። «ክንዱ ይጠገናል። ብትክድ ኖሮ ነበር የምንጣላው። አሁን እንዲህ የማይሆን አድርገህ ሥራልኝ፤ እኔም እዚሁ ከዘመዴ ቤት አድራለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁለታችንም ሌላ ሥራ አልነካንም። ከቆሻሻ ብረቱ ክምር ወፈር ያሉ ሁለት ዘንጎች መረጥን፤ ከመቆረጣቸው በፊት መረመርኳቸው። አንዱን ጣልኩት፤ ሁለተኛው ጤነኛ ሆኖ አለፈ። ከጎረቤት ዳቦ ቤት ትኩስ አመድ በጋሪ አስመጣን። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ «የብረት ዳቦ ልትጋግሩ ነው?» አለች። ይሄም ኩሽኔታው ቦታ ላይ ጥቂት ስለጎደለው መበየዱ አልቀረም፤ ጋሼ ብረቱን አስቀድሞ አሞቀው፤ ቀስ እያለ በየደው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ እንደ ሕፃን አቅፎ አመዱ ውስጥ ቀበረው። በርሜሉን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እንደ ቅኔው ዘመን የሆነ ነገር እያዜመ አመዱን በአካፋ ሲደለድልለት ሳይ ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ።

«ምንም። እንዲህ ስትጠነቀቅ አይቼህ አላውቅም።»

«ለምን አልመጣሽብኝም ግን ከዚህ በፊት?»

«ሳትጠራኝ?»

«ሳልጠራሽም» አለ።

በማግስቱ ብረቱ ለብ ብሎ ወጣ። ቶርኖው ላይ ሲያለሳልሰው ጠርዙን ስል አድርጎ እንዳይተወው ነገርኩት፤ ስል ጥግ ላይ ጭነት ይበረታል፣ ክብ ሲሆን ግን ይበተናል። አደረገው። ልመረምረው ስገባ መብራት ጠፋ። ሐጂ ደጁ ላይ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ ጋሼ ደጋግሞ ቆጣሪውን እያየ ጠበቅን። መብራቱ ሲመለስ እንደ ሠርግ ቤት እልል ያለው ከጎን ያለው ፀጉር ቤት ነው።

ዘንጉን በርዝመቱም በወርዱም፣ በሁለቱም አቅጣጫ አየሁት። ስንጥቅ የማግኔቱን ኃይል ተከትሎ ከተጋደመ ሊደበቅ ስለሚችል በአንድ በኩል ብቻ አይቶ ማለፍ የሰነፍ ሥራ ነው። ብየዳው ጠርዝ ላይ ቆየሁ። ዱቄቱ ታጥቦ ወረደ። ከወይን ጠጅ ቀለሙ መብራት ሥር ንጹሕ፣ ጨለም ያለ ብረት ብቻ ቀረ። ሰው ስንጥቅ ሳገኝ ደስ የሚለኝ ይመስለዋል። እኔን የሚያረካኝ ይሄኛው ነው፤ ምንም የለም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር።

«ደህና ነው» አልኩ ወጥቼ። «ይውሰዱት።»

ጋሼ ግን «አብረን ነው የምንወስደው» አለ።

ይጁቤ የደረስነው ገበያ ቀን ነበር። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ጤፉም ስንዴውም በጆንያ ተደርድሯል። የሐጂ የእህት ልጅ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጎልማሳ ፈጪ ነው፣ ሴቶቹ ሁሉ የሚያውቁት። ጋሼ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እሱ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጋሼ ለረጅም ጊዜ እጁን ይዞት እንደቆመ ግን አይቻለሁ።

ዘንጉን ገጠሙ። ድንጋዩን አሳረፉ። ሞተሩ ሲነሳ ደጅ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ያለፈውን አልረሱትም። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁና ከዘንጉ አጠገብ ቆምኩ። ለማሳየት ብዬ አልነበረም፤ ድምፁን መስማት ፈልጌ ነው። ዙሩ እኩል ነበር፤ ማንኳኳት የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ከወፍጮው አፍንጫ ትኩስ ዱቄት ሲወርድ አንዲት ሴት ከበር ላይ ሆና «የእኔ ነው ተራው!» ብላ ጮኸች፤ ሰልፉም እንደገና ተንጫጫ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሼ ስልኩን አውጥቶ የደንበኞቹን ስም ይመለከት ጀመር። ከዚያ ድንገት «በዚያ በርሜል ያቀዘቀዝኩት ዘንግ የሐጂ ብቻ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የማስታውሰውን ሁሉ እደውላለሁ። ያምጡ። በነጻ እናይላቸዋለን። አንቺ ትስማሚያለሽ?»

«ከነገ ጀምሮ» አልኩት።

ደወለ። አንዳንዱ ባለ ወፍጮ ገበያ ሊያጣ ስለሆነ ተቆጣ፤ አንዳንዱም «ደህና የሚሠራውን ዘንግ ምን አርጉ ነው የምትሉን?» አለ። ጋሼ ተራ በተራ ለመናቸው፤ የራሱን ስህተት ሳይደብቅ እየነገረ። መምጣት ጀመሩ። ከገጠር በአህያ የመጣ አለ፣ በአውቶብስ ጣራ ላይ ታስሮ የመጣ አለ። ግማሾቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ይዘው ተመለሱ። የተሰነጠቁትን ጋሼ እንደገና ሠራቸው፤ አመዱም ከዳቦ ቤቱ በየጊዜው ይመጣል። ከመካከላቸው አንዱ ከመሰበር ምን ያህል እንደቀረው ሳይ እኔም ደንግጫለሁ፤ ባለቤቱ ሚስቱ እዚያ ወፍጮ ላይ የምትሠራ ወጣት ገበሬ ነበር። መስመሩን ሳሳየው ጨለማው ውስጥ ቁጭ አለ።

ጠዋት ሥራ ስገባ ከግድግዳው ጥግ ዘንጎቹ ተደግፈው ይጠብቁኛል፤ ጠርዛቸው ላይ አሁንም የጤፍ ዱቄት አለ። ጋሼ የመጀመሪያውን አንስቶ «ይሄ ሩቅ መንገድ የመጣ ነው፤ ሰውዬው እንዳይውልብን» ይለኛል። እኔም ተቀብዬው ሸራውን ገልጬ እገባለሁ።